ሮድ ሰርሊንግና የተነሳው ጠርሙስ

ጊዜው 1956 ነው፣ ወሩ ኤፕሪል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ለስርጭት እየተዘጋጀ ነው። በቀጥታ የሚተላለፍ ስለሆነ ሁሉም ነገር ቀድሞ መታየት አለበት፤ ተዋናዩ፣ ልብሱ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ሳይቀር። በዚህ መሐል ትእዛዝ መጣ፦ የኮካ ኮላ ጠርሙሶች ከመድረኩ ይነሱ። ለምን ሲባል፣ ኮካ ኮላ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ያስታውሳል ተባለ። ጠርሙሶቹም ተነሱ።

ነገሩ ሲሰሙት ያስቃል። ከጠርሙሱ ጀርባ ግን የአንድ የ14 ዓመት ልጅ ሬሳ አለ።

ልጁ ኤሜት ቲል ይባላል፤ የቺካጎ ልጅ ነው፤ ጥቁር ነው። በኦገስት 1955 ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሚሲሲፒ ወርዶ ሳለ፣ አንዲት ነጭ ባለሱቅ ላይ አፏጨ ተብሎ ከተኛበት ቤት በሌሊት ወሰዱት። ከቀናት በኋላ ሬሳው ከወንዝ ወጣ። እናቱ የልጃቸውን ፊት ሰው ሁሉ እንዲያየው ብለው ሣጥኑ ሳይከደን ሕዝብ እንዲሰናበተው አደረጉ። ሁለት ነጮች ተከሰሱ። ነጭ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ ከአንድ ሰዓት እምብዛም ላልበለጠ ጊዜ መክሮ በነጻ አሰናበታቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሉክ ከሚባል መጽሔት ገንዘብ ተቀብለው፣ አዎ ገድለነዋል ብለው አወሩ። ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ ስለማይከሰስ የነካቸው አልነበረም።

ይህን ጉድ በጋዜጣ ከሚከታተሉት መካከል ሮድ ሰርሊንግ የሚባል የ30 ዓመት የቴሌቪዥን ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊ ሲናደድ የሚያደርገውን አደረገ። ተቀምጦ ጻፈ።

ሰርሊንግ ማን ነው? የተወለደው ዲሴምበር 25 ቀን 1924 ነው፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሲራኪዩስ ከተማ። ያደገው ግን እዚያው ግዛት ውስጥ ባለችው ቢንግሃምተን ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው፤ አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ልጅ ሳለ አፉ አያርፍም ነበር ይላሉ የሚያውቁት፤ ወሬ፣ ጨዋታ፣ ትያትር። በ1943 ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ በቀጥታ ወታደር ቤት ገባ። ቁመቱ አጭር ነው፣ ነገር ግን እልኸኛ ነው፤ የመረጠው ክፍል አየር ወለድን ነው። እዚያው ቦክስ ተጋጠመ፣ አፍንጫውን ተሰበረ።

ከዚያ ፊሊፒንስ ተላከ። ሌይቴ በተባለችው ደሴት ጫካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የማይለቀውን ነገር አየ። ስንቅ ከአውሮፕላን እየተጣለላቸው ሳለ አንዱ ሣጥን የቅርብ ጓደኛው ላይ ወድቆ ዓይኑ እያየ ገደለው። ሣጥኑን የጣለው ጠላት ቢሆን ሐዘኑ የታወቀ ሐዘን ይሆን ነበር። የመጣው ግን ከራስ ወገን ነው፤ ያውም የሚበላ ምግብ። ሰርሊንግ በኋላ በጻፋቸው ታሪኮች ውስጥ ዕጣ ፈንታ እንዲህ ያለ ክፉ ቀልድ ሲቀልድ ደጋግመን እናገኘዋለን። እሱም ጉልበቱ ላይ ቆሰለ። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 አባቱ በልብ ሕመም አረፉ፤ ልጁ ለቀብር አልደረሰም።

አገሩ ሲገባ እንቅልፍ የለም፣ ቅዠት ነው። ኦሃዮ በሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ ተመዘገበ፤ እዚያ ሳለ ካሮል ክሬመርን አገባ፤ ለኪሱ የሚሆን ገንዘብ ሲያጥረው አዳዲስ ፓራሹቶችን እየዘለለ ይሞክር ነበር። መጻፍ የጀመረው ውስጡ ያለውን ለማውጣት እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሲንሲናቲ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥሮ የሰጡትን ሁሉ ይጽፋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ የራሱን ድራማ ይጽፍና ወደ ኒውዮርክ ይልካል። ይመለስበታል። ደግሞ ይልካል።

ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሌሊት ፍሬ አፈራ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1955 «ፓተርንስ» የተባለው ድራማው ተላለፈ። ታሪኩ ስለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ነው፤ አዲስና ወጣት ሠራተኛ መጥቶ ሽማግሌውን ቀስ በቀስ ከወንበሩ ሲገፋ፣ እየተገፋ ያለውም ሰው ገፊውን ሲወደው ያሳያል። የኒውዮርክ ታይምስ ሐያሲ አወድሶ ጻፈ፤ ይደገምልን አለ። ያኔ መድገም እንዲህ ቀላል አልነበረም። ድራማ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ለመድገም ተዋናዮቹ ተሰብስበው እንደገና መጫወት ነበረባቸው። ተሰበሰቡና ተጫወቱ። ሰርሊንግ ኤሚ ሽልማት ወሰደ። በማግሥቱ ስልኩ ማቆሚያ አጣ።

በቀጣዩ ዓመት «ሪኩዊየም ፎር ኤ ሄቪዌይት» መጣ፦ ሰውነቱ ያለቀ ቦክሰኛ፣ ሌላ ሙያ የማያውቅ፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት። ሁለተኛ ኤሚ። ነገር ግን በዚያ ድራማ ውስጥ እንኳ ክብሪት አለህ ወይ የምትል አንዲት ንግግር ተሰርዛለች። ለምን ቢሉ፣ ከስፖንሰሮቹ አንዱ ላይተር ሻጭ ነበርና!

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ይህን አሠራር ካላወቅን የጠርሙሱ ታሪክ አይገባንም። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ባለቤቱ ጣቢያው ብቻ አልነበረም። ሰዓቱን የገዛው ኩባንያ ስሙን ከርዕሱ ላይ ያወጣል። «ፓተርንስ» የተላለፈው «ክራፍት ቴሌቪዥን ቲያትር» ላይ ነው፤ ክራፍት አይብ ሻጭ ነው። ጠርሙሱ የተነሳበት ፕሮግራም ደግሞ «ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል አወር» ይባላል፤ ብረት ሻጭ ነው። በኩባንያውና በጸሐፊው መካከል የማስታወቂያ ድርጅት አለ፤ ስክሪፕቱን መስመር በመስመር ያነባል። በ1959 ስለ ኑረምበርግ ችሎት በተሠራ የሌላ ጸሐፊ ድራማ ላይ፣ ናዚዎች ሰው የፈጁበት «የጋዝ» ክፍል ሲጠቀስ ቃሉ እንዳይሰማ ድምፅ ተቆርጧል። ከስፖንሰሮቹ አንዱ የጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር ስለነበረ ነው።

እኛ አገር ሳንሱር ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የመንግሥት ቢሮ፣ ማኅተምና ቀይ እስክሪብቶ ነው። የሰርሊንግ ሳንሱር ግን አይብ ይሸጣል፣ ብረት ይሸጣል፣ መኪና ይሸጣል። ማንንም አያስርም። ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ በቃ።

ወደ ኤሜት ቲል እንመለስ። ሰርሊንግ ገና ሲጀምርም ነገሩን በግልጽ እንደማያሳልፉለት ያውቃል። ስለዚህ ራሱ ቀድሞ አለሳለሰው። በደቡብ የሚገኝ አንድ ከተማ፤ የሚገደለው ጥቁር ልጅ ሳይሆን ዕቃ በመያዣ እየያዘ ገንዘብ የሚያበድር አይሁዳዊ ሽማግሌ፤ ገዳዩን ከተማው ሁሉ ተባብሮ ይሸፍነዋል። ርዕሱ «ኑን ኦን ዱምስዴይ»። ሕዝብ ገዳይን አቅፎ ዳኛ ፊት ሲቆም ማሳየት፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር።

ታዲያ አንድ ጋዜጠኛ ይህ የቲልን ጉዳይ ይመስላል ሲለው ሰርሊንግ አልካደም። ወሬው በጋዜጣ ወጣ። በደቡብ የነጮች የበላይነት እንዳይነካ የተደራጁ ማኅበሮች ነበሩ፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፣ የኩባንያውን ዕቃ አንገዛም የሚል ዛቻ መጣ። ብረት በኪሎ ገዝቶ ቤቱ የሚወስድ ሰው የለም፤ ግን ኩባንያው ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ ላይ የሆነውን ሰርሊንግ ራሱ በዝርዝር ጽፎታል። ከተማዋ ከደቡብ ተነሥታ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ ኒው ኢንግላንድ ድረስ ተወሰደች። ሟቹ አይሁዳዊ መሆኑ ቀርቶ ስም የሌለው አንድ የውጭ አገር ሰው ሆነ። ገዳዩም መልካም ልጅ ሆኖ ለአፍታ ብቻ የተሳሳተ ተደረገ። ጠርሙሱም ተነሳ። ኤፕሪል 25 ቀን 1956 ድራማው ሲተላለፍ ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግር ነበር።

ሰርሊንግ ተስፋ አልቆረጠም፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ታሪክ ለ«ፕሌይሃውስ 90» እንደገና ጻፈ። እንደገና መቀስ መጣ። ታሪኩ ወደ ኋላ ወደ 1870ዎቹ ተገፋ፤ ሟቹ ሜክሲኳዊ ወጣት ሆነ። «ኤ ታውን ሃዝ ተርንድ ቱ ደስት» በሚል ርዕስ ጁን 19 ቀን 1958 ተላለፈ። ከተማው ወደ አቧራ ተለወጠ እንደ ማለት ነው፤ ሰርሊንግም አቧራ የሆነው ስክሪፕቱ ነው ብሎ በምሬት ቀልዷል። ልብ በሉ፦ በሁለት ሙከራ ያ ልጅ መጀመሪያ አይሁዳዊ፣ ቀጥሎ ማንነቱ የማይታወቅ ባዕድ፣ ቀጥሎ የመቶ ዓመት ሜክሲኳዊ ሆነ። አንድም ጊዜ ራሱን አልሆነም።

ሴፕቴምበር 1959 ላይ ሰርሊንግ ማይክ ዋላስ ከሚባለው ኮስታራ ጠያቂ ፊት ተቀመጠ። ሲጋራውን እያጨሰ ስለ ስፖንሰሮች፣ ስለ ማስታወቂያ ድርጅቶች፣ ስለ ቲል ስክሪፕት አወራ። በቅርቡ ስለሚጀምረው አዲስ ተከታታይ ፕሮግራምም ተነሳ፤ ስለ መናፍስት፣ ስለ ጠፈር፣ ስለ እንግዳ ነገር የሚያወራ ፕሮግራም። ዋላስ ጠየቀው፦ ታዲያ ለጊዜው ቁም ነገር መጻፉን ትተኸዋል ማለት ነው? ሰርሊንግም፣ ቁም ነገር ማለት የጊዜውን ማኅበራዊ ችግር ማንሣት ከሆነ አዎ፣ አልነካም የሚል መልስ ሰጠ። መዋጋት ሰልችቶኛል የሚል ሰው ይመስል ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1959፣ «ትዋይላይት ዞን» ተጀመረ። ስሙን በእኛ ቋንቋ የድንግዝግዝ ቀጠና ብንለው ያስኬዳል፤ ቀንም ሌሊትም ያልሆነ ቦታ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ቅኔ ያለበት አገር ልጆች ነን። ላይ ላዩን ሰም፣ ውስጡ ወርቅ፤ ንጉሥ ፊት ቆሞ እያመሰገኑ መስደብ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሰርሊንግ ቅኔ ቤት አልገባም፤ ግን ማይክ ዋላስን ያንን ከመለሰለት በኋላ የሠራው ሥራ ሰምና ወርቅ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል የማይናገረውን የማርስ ሰው ሊናገረው እንደሚችል ገብቶታል። ላይተር ሻጩም፣ ብረት ሻጩም ማርስ ላይ ደንበኛ የላቸውማ!

ምሳሌ ልስጥ። ማርች 4 ቀን 1960 የተላለፈው ክፍል ሜፕል ስትሪት በሚባል ሰላማዊ ሰፈር የሚሆን ነው። ማታ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ መኪና አይነሣም። አንድ ልጅ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጡት ሰዎች እኛን የሚመስል ቤተሰብ ቀድመው ይልካሉ የሚል ታሪክ አንብቤያለሁ ይላል። በቃ። ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። ያንተ መኪና ለምን ብቻዋን ተነሣች? አንተስ ሌሊት ሌሊት ሰማይ የምታየው ምን ፈልገህ ነው? ንጋት ሳይመጣ ሰው ይገደላል። መጨረሻ ላይ ከኮረብታው ሆነው የሚመለከቱትን እናያቸዋለን፤ ጦር አላስፈለጋቸውም፣ መብራት ማጥፋት ብቻ በቂ ነበር። የመንጋ ፍርድን በዓይኑ ያየ ወይም ከሚቀርበው ሰው የሰማ አንባቢ ይህን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም። «ኑን ኦን ዱምስዴይ» ውስጥ ያልተፈቀደለትን ከተማ ሰርሊንግ እዚህ አገኘው። መንጋው ያው ነው።

ደግሞም በዚህ ጊዜ ጸሐፊ ብቻ አልነበረም። ፕሮዲዩሰርም ሆኗል። ቤተሰቡ ክረምቱን በሚያሳልፍበት ሐይቅ ስም ካዩጋ ፕሮዳክሽንስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ፕሮግራሙን የሚሠራው እሱ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ስክሪፕቱን ሸጦ በር ላይ ቆሞ የሚለምን ነበር፤ አሁን በሩ የራሱ ሆነ። ማንን እንደሚቀጥር ራሱ ይወስናል። ሪቻርድ ማቲሰንንና ቻርልስ ቦሞንትን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች አመጣ። በ1960 «ዘ ቢግ ቶል ዊሽ» በተባለው ክፍል ዋና ተዋናዮቹን ጥቁሮች አደረገ፤ ታሪኩ ደግሞ ስለ ቀለም አይደለም፤ ስለ አንድ ቦክሰኛና ለእሱ ስለሚመኝለት ልጅ ነው። ጥቁር ተዋናይ በር ከፋች ወይም አሽከር ሆኖ ብቻ በሚታይበት ዘመን ይህ ዝም ብሎ የተደረገ ነገር አልነበረም። አምስት ዓመት ውስጥ 156 ክፍሎች ተላለፉ። ከነዚህ ውስጥ 92ቱን ሰርሊንግ ጻፋቸው። ዘጠና ሁለት! ጠቆር ያለ ሱፍ ለብሶ፣ ሲጋራ ይዞ፣ ታሪኩን የሚያስተዋውቀውም እሱ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተርኩት እንደ ድል ነው፤ ብልኁ ጸሐፊ ሞኙን ስፖንሰር ሸወደው እየተባለ። እውነት አለው። ግን ሙሉ እውነት አይመስለኝም።

ሰምና ወርቅ ዋጋ ያስከፍላል። አንጥረኛ ዘንድ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይቀራል። ቴሌቪዥን ፊት ግን ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳያይ የሚተኛ ብዙ ነው። ሚሲሲፒ ተቀምጦ ሜፕል ስትሪትን ያየ ሰው፣ እነዚህ ጎረቤቶች እንዴት ጨካኝ ናቸው ብሎ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ሊተኛ ይችላል። ስሙ አልተጠራማ። ሁሉን የሚነካ ታሪክ ማንንም ላይነካ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንይ። በ1961 ሰርሊንግ ስለ ዳካው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ጽፏል፤ ዳካውን ዳካው ብሎ፣ በስሙ። ማንም አልከለከለውም። የሩቅ አገር ግፍ በስሙ ሊጠራ ይቻላል፤ የራስ አገር ግፍ ግን የማርስ ልብስ መልበስ ነበረበት። ይህ የአሜሪካ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም።

ሰርሊንግ ይህ ያረካው ሰው አልነበረም። ማርች 1964 ላይ ባስተላለፈው አንድ ክፍል፣ ሕዝቡ ሰው ሲሰቀል ለማየት በጓጓበት ከተማ ፀሐይ ሳትወጣ ትቀራለች። መጨረሻ ላይ ሬዲዮ ጨለማው የወረደባቸውን ሌሎች ቦታዎች ይዘረዝራል። ከነዚያ መካከል ኬኔዲ ከተገደለ ወራት ብቻ ያለፉት የዳላስ ከተማ አንድ ጎዳና አለ። በርሚንግሃም፣ አላባማም አለች፤ ከጥቂት ወራት በፊት አራት ጥቁር ልጃገረዶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቦምብ የሞቱባት። ሰሙ ራሱ መሳሳት ጀምሯል።

በዚያው ዓመት «ትዋይላይት ዞን» አበቃ። ሰርሊንግ በፕሮግራሙ ላይ የነበረውን ድርሻ ለጣቢያው ሸጠ፤ ፕሮግራሙ ግን ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋገም ኖረ። በ1968 የወጣውን «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ከሌላ ጸሐፊ ጋር ጻፈ። ከ1970 ጀምሮ «ናይት ጋለሪ» በተባለ ፕሮግራም ተመልሶ ታየ፤ እዚያ ግን ፊቱ እንጂ ሥልጣኑ አልነበረም፤ ስክሪፕቱን የሚጥልና የሚያነሣ ሌላ ፕሮዲዩሰር ነው። በሩ እንደገና የሌላ ሰው ሆነ። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ከስፖንሰር ጋር ሲታገል የኖረ ሰው በእነዚህ ዓመታት በዚያው በሚታወቅ ድምፁ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። ኢታካ ኮሌጅም ያስተምር ነበር። ሲጋራውን አልተወም። ጁን 28 ቀን 1975 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈ። ዕድሜው 50 ነበር።

እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አንዱ ከጠርሙሱ ታሪክ ጋር አይለየኝም። ፌብሩዋሪ 1970 ላይ «ኤ ስቶርም ኢን ሰመር» የተባለ ድራማው ተላለፈ። ማርስ የለበትም፤ መናፍስት የሉበትም። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ አንድ ምላሰ መራራ አይሁዳዊ ሽማግሌ ምግብ መሸጫ አለው። ክረምቱን እሱ ዘንድ እንዲያሳልፍ ከሀርለም አንድ ጥቁር ልጅ ይመጣበታል። ሁለቱም አይፈልጉም። ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ቀስ በቀስ ይላመዳሉ። ሽማግሌውን የተጫወተው ፒተር ኡስቲኖቭ ኤሚ ተሸለመበት።

አሁን ወደ 1956 ዞር ብላችሁ እዩ። ያኔ ጥቁሩን ልጅ በድራማ ማሳየት ስላልተቻለ ሰርሊንግ በምትኩ አይሁዳዊ ሽማግሌ አስቀመጠ። ሽማግሌውንም ነጠቁት። ከ14 ዓመት በኋላ ሁለቱ፣ ሽማግሌውም ልጁም፣ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። በስማቸው፣ በቀለማቸው። አስቦበት ይሁን ሳያስበው እጁ ወስዶት፣ ያንን የተቀደደበትን ስክሪፕት መልሶ የሰፋው ይመስለኛል። ልጁም በዚህኛው ታሪክ አይሞትም።

14 ዓመት። ኤሜት ቲል በሕይወት የኖረው ዕድሜም ያንኑ ያህል ነው።

ዛሬ ሜፕል ስትሪት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለልጆች ይሰጣል፤ ልጆቹም አንብበው ስለ ጥርጣሬና ስለ መንጋ ይወያያሉ። ጥሩ ነው። ሰሙ ባይኖር ይህ አይደርሳቸውም ነበር። እኔ አስተማሪያቸው ብሆን ግን፣ ውይይቱ ሲያበቃ አንድ ባዶ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና የልጁን ስም እነግራቸው ነበር።